ከጎንደር ወጥቶ በፒስታ፦ የትኛው ሳይክል፣ ስንት ንፋስ፣ ምን ዓይነት ማርሽ?

ማራኪ_ሰፈር | ጥቅምት 11

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መጠጠር ጀምሯል። አስፋልቱን ለመኪና ትቶ በገጠሩ ፒስታ ለመንዳት ሁለት አቅጣጫ ታስቧል። ቁልቁል በአዘዞ አድርጎ ወደ ደምቢያና ጎርጎራ፤ ሽቅብ ደግሞ በወለቃ በኩል ወደ ኮሶዬና አምባ ጊዮርጊስ። በሁለቱም በኩል ዋናውን መንገድ እየለቀቁ በዩራፕ (የገጠር መንገድ ፕሮግራም) በተሠሩ የቀበሌ መንገዶች መግባት ነው።

ምርጫው ሁለት ሳይክል ነው። አንዱ መሪው ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ 700 በ40 (ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር) ጎማ ያለው አዲስ የጠጠር ሳይክል። ሌላው ያገለገለ ባለ 26 ማውንቴን። የነጂው ክብደት 68 ኪሎ፣ ጭነቱ 6 ኪሎ ያህል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር ሁሉ በጣሊያንና በፈረንሳይ የወይን እርሻ መሃል ለሚነዱ ነው። ለእኛ መንገድ የሚሆነውን የምታውቁ ንገሩኝ።

ቸርኬና_ሽቦ | ጥቅምት 11

ባለ 26ቱን ያዝ። ጥያቄውን «ደምቢያ ውስጥ ቆላድባ ላይ ቢበላሽ ምን ይገኛል?» ብለህ ጀምር፣ መልሱ ራሱ ይመጣል። ባለ 26 ከመነዳሪ (ንፋሱን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ)፣ ጎማ፣ የፍሬን ጎማና የፍሬን ሽቦ ትንሽ ከተማ ውስጥም አይጠፋም። ለ700ው ግን ከጎንደር ከወጣህ በኋላ የያዝከው ብቻ ነው ያለህ።

ጎማ ስትገዛ «26» የሚለውን ብቻ አይተህ አትክፈል። ጎኑ ላይ በትንሹ የተጻፈ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ፣ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው፣ እሱን ፈልግ። የማውንቴኑ 26 ማለት 559 ነው። «26 በ1 3/8» የሚባለው የቆየው የከተማ ሳይክል ጎማ ግን 590 ስለሆነ በ559 ቸርኬ ላይ አይቀመጥም። 584 ባለ 27.5 ነው። 622 ደግሞ 700ውም 29ኙም ናቸው። ወርዱ 1.95 ወይም 2.1 ኢንች ይሁን። መሃሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥርሱ ወደ ጎን የወጣ ጎማ ምረጥ። ጥርሱ በጣም የረዘመው ፒስታ ላይ ጉልበት ይበላል፣ ዋልካ (ጥቁር የሚጣበቅ አፈር) ላይ ደግሞ ጭቃ ያቅፋል።

ሁለተኛው ነገር ቫልቩ ነው። ወፍራሙ፣ የመኪናው ዓይነት ይሁን። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የሚይዘው እሱን ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ ያላት ቀጭኗ ቫልቭ ካለችህ በላይዋ የሚጠመዘዝ የነሐስ አዳፕተር ያስፈልግሃል። ሁለት ያዝ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስለሆነች ትጠፋለች።

ኮምፕሬሰር ላይ ብዙ ከመነዳሪ ይፈነዳል። ማሽኑ ለሲኖትራክ የተሠራ ነው፣ የሳይክል ጎማ ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል። ጎሚስታውን አንድ ሰከንድ እየሰጠ እንዲያቆም ንገረው። በየመሃሉ ጎማው ቸርኬው ላይ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን በዓይንህ ተከታተል። አንድ ቦታ ላይ ካበጠ ወዲያው አስተንፍሰው። ከዚያ በኋላ ልኩን በራስህ ፖምፓ አስተካክል።

ማራኪ_ሰፈር | ጥቅምት 12

አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። ልኩ ስንት ነው ታዲያ? አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና 1,800 አካባቢ። እዚህ የተሞላ ጎማ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ንፋሱ ይለወጣል?

ቸርኬና_ሽቦ | ጥቅምት 12

ለ68 ኪሎ ሰውና ለ6 ኪሎ ጭነት፣ 26 በ1.95 ከነከመነዳሪው፣ ከፊት 30፣ ከኋላ 35 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋሱ ግፊት መለኪያ) ጀምር። በባር የሚያነብ ፖምፓ ከሆነ 2.1 እና 2.4 ማለት ነው። 700 በ40 ቢሆን ኖሮ 37 እና 42 ገደማ ይሆን ነበር። ወደ ጎማው ጎን አትሂድ፣ እዚያ የተጻፈው ጣሪያው ነው።

ልኩን የምታውቀው በቀዳዳው ነው። ከመነዳሪው ላይ ሁለት ትይዩ ቀዳዳ፣ እባብ ነክሶት ያለፈ የሚመስል ካገኘህ ንፋሱ አንሷል። ድንጋይ ሲመታህ ቸርኬው ከመነዳሪውን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ ቆርጦታል ማለት ነው፤ 3 ፒ.ኤስ.አይ ጨምር። በተቃራኒው ሳይክሉ በጠጠሩ ላይ እየዘለለ ዳገት ላይ የኋላው ጎማ የሚሾር ከሆነ በዝቷል፤ 3 ቀንስ።

የከፍታውን ነገር ተወው። 400 ሜትር ብትወርድ የሚለወጠው ከግማሽ ፒ.ኤስ.አይ ብዙም አይበልጥም። ሙቀቱ ነው የሚበልጠው። ጠዋት በብርድ 35 የሞላኸው ጎማ ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 38 ይወጣል። ሳይክሉን ሻይ ቤት በር ላይ ስታቆም ጥላ ፈልግለት።

ሊቦ_ከምከም | ጥቅምት 12

የወይን እርሻው ምክር ለምን እንደማይሠራ ልጨምር፣ ምክንያቱ ድንጋዩ ውስጥ ነው።

ጣሊያኖቹ «ነጭ መንገድ» የሚሉት የቶስካና ፒስታ አብዛኛው ኖራማ ድንጋይና ሸክላ ነው። ሲረገጥ ይደቃል፣ ይለሰልሳል። ሌሮይካ የሚባለው የቆዩ ሳይክሎች ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1997 ኪያንቲ ውስጥ ጋዮሌ ላይ የተጀመረው ያንን መንገድ አስፋልት እንዳይውጠው ለመከላከል ነበር። ስትራዴ ቢያንኬ የሚባለው የፕሮፌሽናሎቹ ውድድር ደግሞ በ2007 ተከተለ። እዚያ 25 ፒ.ኤስ.አይ ይዞ መሄድ ይቻላል። የእኛ መንገድ የሚለብሰው ገረጋንቲ ግን ብዙውን ጊዜ ባዛልት ነው። ባዛልት ሲሰበር ጠርዙ ምላጭ ነው፣ እስኪደቅ ዓመታት ይፈጃል። አዲስ የፈሰሰ ገረጋንቲ ሲያጋጥማችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጥቁር ግራጫ፣ የቡጢ ግማሽ የሚያህል፣ ሦስት አራት ማዕዘን ያለው ድንጋይ ነው። የመኪናው እግር ያለፈበትን ሁለቱን መስመር ይዛችሁ ንዱ፤ መሃሉና ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ይቀዳል።

ከፍታውም አይገናኝም። የኪያንቲ ኮረብታ ትልቁ 900 ሜትር አይሞላም፣ እናንተ ገና ስትነሱ እጥፉ ላይ ናችሁ።

ወይን ካነሳን ግን ይህ አገር ለወይን ባዳ አይደለም። ወይና ደጋ የሚለው ስማችን ራሱ ወይንን ይዟል። ከአዲስ ዘመን አጠገብ ያለው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለፉ ተጓዦች በወይን ቦታነቱ ጽፈውለታል። ዛሬ በዚያ በኩል ለሚነዳ ሰው የሚታየው ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ወደ ፎገራ ሲጠጋ ደግሞ ሩዝ ነው፤ የዘመኑ ትልቅ የወይን እርሻ ያለው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባቱ አካባቢ ነው። ከእንፍራንዝ አጠገብ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ኮረብታው ላይ ስላለ በዚያ መስመር ለሚሄድ ጥሩ ማረፊያ ነው።

ደምቢያ_ሜዳ | ጥቅምት 13

ስለ ዋልካ ማንም አላነሳም፣ እኔ ግን ለደምቢያ ዋናው እሱ ነው እላለሁ።

መንገዱ ገረጋንቲ የለበሰ ቢሆንም በየመሃሉ ገረጋንቲው ታጥቦ ጥቁሩ አፈር የወጣበት ቦታ አለ። ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው፣ ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ ቀጭን ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነጂውን ይጥላል። ሲርስ ደግሞ የባሰ ነው። የአሥር ደቂቃ ዝናብ ከወረደበት በኋላ ሃያ ሜትር ሳትሄዱ ጎማው በእጥፍ ይወፍራል፣ ጭቃው ከጭድና ከጠጠር ጋር ተለውሶ በሹካውና በፍሬኑ መሃል ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ጎማው መዞሩን ያቆማል። ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ነጂው በጉልበት ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሰንሰለቱ ጭቃውን እየጎተተ የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች ያስገባዋል፣ ቀያሪው የተሰቀለበት ማንጠልጠያ ይሰበራል። እሱ ከተሰበረ የዚያን ቀን መንዳት አበቃ።

ጎማው ሲከብድ ወዲያው ውረዱ። ሳይክሉን አትግፉት፣ ተሸከሙት። ከመንገዱ ወጥታችሁ ሳር ባለበት ጠርዝ ሂዱ። ጭቃውን ሳይደርቅ በእንጨት ፋቁት፤ በብረት ከፋቃችሁ ጎማውን ትቀዱታላችሁ። ሳይክል ስትመርጡም በጎማውና በሹካው መሃል በየጎኑ ቢያንስ ትንሿ ጣት የምትገባበት ክፍተት መኖሩን እዩ። ያ አዲሱ 700 ሳይክል ላይ 45 ጎማ እንኳ ቢገባ ክፍተቱ ያልቃል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ደምቢያ ሜዳውን እስከ ኅዳር ብታቆዩት ይሻላል። ጥቅምት ላይ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ወገራ ውጡ። ዳገት ስለሆነ ውሃው ይወርዳል፣ መንገዱም ቶሎ ይደርቃል።

ደጋ_ወጪ | ጥቅምት 13

ወደ ወገራ ከሆነ እንግዲህ ማርሽ እንነጋገር።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው፦ የፊቱን ጥርስ ለኋላው ማካፈል። የቆዩት ባለ ሦስት ማውንቴኖች ትንሿ የፊት ጥርስ 24፣ የኋላው ትልቁ 28 ቢሆን 0.86 ይሆናል። በ26 ጎማ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ስታዞር በሰዓት 6.3 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ። 22 በ32 ካገኘህ 0.69 ነው፣ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከፊት አንድ 38 ብቻ ያለው ሳይክል በ28 ሲነዳ ግን በዚያው አዟዟር 10 ኪሎ ሜትር ያስገድድሃል።

ይህ በጉልበት ሲተረጎም፣ ነጂው፣ ሳይክሉና ጭነቱ ተደምረው 88 ኪሎ ቢሆኑ፣ 10 በመቶ ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር መውጣት ለከፍታው ብቻ 240 ዋት ይጠይቃል። በ5 ኪሎ ሜትር ግማሹን። 240 ዋት ለረጅም ጊዜ መስጠት የሰለጠነ ሰው ሥራ ነው፣ ያውም አየሩ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል በሳሳበት ቦታ። ኮሶዬ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ600 ሜትር በላይም ይወጣል። አስፋልቱ ዳገቱን አከፋፍሎ ይወስድሃል፣ የቀበሌ መንገድ ግን ሸንተረሩን በቀጥታ ነው የሚወጣው። ስለዚህ 1 ከማይሞላ ማርሽ ውጭ አትነሳ።

ርካሹ ማሻሻያ የኋላውን ፍሪዊል (የጥርሶቹን ስብስብ) 14-34 ባለ 7 ማድረግ ነው። ከ24 ወደ 34 በአንዴ ስለሚዘል ለውጡ ይጎረብጣል፣ ግን 24 በ34 0.71 ይሰጥሃል። ሁለት ነገር አትርሳ። ሰንሰለቱ በፊት ትልቁና በኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ሲገባ እንዳይወጠር ርዝመቱን እይ። ከዚያ የማርሽ ቀያሪውን የውስጥ መገደቢያ ቡሎን በካቻቢቴ አስተካክል፤ ሰንሰለቱ ከ34ቱ አልፎ ሽቦ ውስጥ እንዳይወድቅ። ሳይክሉን ገልብጠህ በእጅ እያዞርክ ሃያ ጊዜ ሞክረው፤ አንድም ጊዜ ካለፈ ቡሎኑን ሩብ ዙር አጥብቅ።

ቁልቁለቱን ሳልጨርስ አልሂድ። ኒኬል የተነከረ የብረት ቸርኬ ያለው ሳይክል ከሆነ ሲርስ ፍሬኑ አይዝም፣ ወደ አሉሚኒየም ቀይሩ። የፍሬን ጎማው የፊት ጫፍ ከኋላው 1 ሚሊ ሜትር ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አድርጉት፣ ጩኸቱ ይቀንሳል። በየቁልቁለቱ መጨረሻ የፍሬን ጎማው ውስጥ የተሰካ የአሉሚኒየም ቁራጭ ወይም አሸዋ ካለ በምላጭ ጫፍ አውጡ፤ ካልወጣ ቸርኬውን ይበላዋል። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱና ፍሬኑን ልቀቁ፣ ከኮርቻው ከፍ በሉ። በሽብሽቡ ላይ የፊት ፍሬን መያዝ መሪውን ያስጥላል።

ማራኪ_ሰፈር | ጥቅምት 14

ይህን ሁሉ ጽፈው ስለሰጡን ጋሼ ደጋ ወጪን እግዚአብሔር ይስጥልን። የውሃና የምግቡን ነገር የሚያውቅ ካለ?

ጤና_ይስጥልኝ | ጥቅምት 14

ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ቁጠሩ። ሦስት ሊትር ይዞ መነሳት ለግማሽ ቀን ይበቃል። ከምንጭ ወይም ከቦኖ ስትሞሉ ውሃ አጋር (ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ) ጨምሩና እንደ መመሪያው ጠብቁ። ጭቃ ያለበት ውሃ ላይ መድኃኒቱ ስለሚደክም መጀመሪያ በነጠላ ጫፍ አጥልሉት።

ደምቢያና ጣና ዳር ላይ ከመጠጡ በላይ የሚያሳስበው እግር ነው። ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚገባው ውሃው ውስጥ በቆመ ቆዳ ነው፣ በተለይ ቀስ ብሎ በሚፈስና ሳር ባለበት ጠርዝ፣ በፀሐይ ሰዓት። የውሃ መሻገሪያው ጎማ የማያሰምጥ ከሆነ ሳትወርዱ ተሻገሩ። መውረድ ግድ ከሆነ ቶሎ ወጥታችሁ ወዲያው በፎጣ እሹት፤ በነፋስ ይድረቅ ብላችሁ አትተዉት። ጎርጎራ ደርሶ ሐይቁ ዳር መንከር ደስ ይላል፣ ግን ይቅር። በዚያው ላይ መስከረምና ጥቅምት ኅዳርም የወባ ወቅት ነው። ቆላድባና ጎርጎራ የሚያድር አጎበር ይያዝ፣ ከሄደ በኋላ በሳምንት በሁለት ሳምንት ትኩሳት ከተሰማው ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ለምግብ በሶን የሚያህል የለም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ወይም ማር፣ አንድ ቁንጥጫ ጨው። ቀጠን አድርጉት፣ ወፍራሙ ዳገት ላይ ይከብዳል። ኪስ ውስጥ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ። ረቡዕና ዓርብ የገጠር ሻይ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ላይኖረው ስለሚችል ስንቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አዘዞ_12 | ጥቅምት 15

በጎማው ጉዳይ ልቃወም። 700 በ45 ጎማ ከመነዳሪ ሳይኖረው፣ በፈሳሽ መድፈኛ ቢሆንስ? እሾህ ራሱ ይደፍናል፣ ንፋሱም ዝቅ ይላል። እዚህ አገር ጎማ የሚበሳው ከድንጋይ ይልቅ ከአጥር የወደቀ የግራር እሾህ ነው።

ቸርኬና_ሽቦ | ጥቅምት 15

እሾህ ላይ ያልከው እውነት ነው፤ በተለይ አጥር በሚታጠርበት ሰሞን ከአህያ ጭነት የሚንጠባጠበው እሾህ መንገድ ይሞላል። ነገር ግን ባዛልት ጎኑን አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር ከቀደደው ፈሳሹ አይደፍነውም። ጎማው ከቸርኬው ከወጣ በእጅ ፖምፓ አይመለስም። ፈሳሹም በበጋው ሙቀት በሁለት በሦስት ወር ይደርቃል፣ እዚህ ተተኪ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

መሃሉን መንገድ ልንገርህ። ፈሳሹን ካገኘህ ከመነዳሪው ውስጥ አድርገው። የወፍራሙ ቫልቭ ልብ በቫልቭ መፍቻ ይወጣል፣ ማንኛውም ጎሚስታ ጋ አለ። ለ26 በ2 ጎማ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ግራሩን ይደፍናል፣ የተረፈውን አንተ ትለጥፋለህ።

አለጣጠፉን በደንብ ልጻፈው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው። ጎማውን ስትገጥም ጽሑፉን ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ አድርግ፤ ከመነዳሪው ላይ ቀዳዳውን ስታገኝ ጎማው ላይ የት እንደሆነ ወዲያው ታውቃለህ። ቀዳዳውን ከከንፈርህ አጠገብ አስጠግተህ ፈልግ፣ ነፋሱ ይሰማሃል። በእስክሪብቶ መስቀል ሥራበት፣ መስመሩ ከልጣፊው በላይ ይውጣ። በብርጭቆ ወረቀት ከልጣፊው ሰፋ አድርገህ እሸው፣ የሚያብረቀርቀው ሁሉ እስኪደበዝዝ። መሃሉ ላይ የሚያልፍ የፋብሪካ ስፌት ካለ እሱንም አስተካክል፣ ካልሆነ በዚያ በኩል ያስተነፍሳል። ማስቲሹን ስስ አድርገህ ቀባና አምስት ደቂቃ ጠብቅ። በጣትህ ጀርባ ስትነካው መያዝ ሲተው ነው ልጣፊውን የምታስቀምጠው። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ሁሉ ቀትር ላይ ሙቀት ሲነካው ይነሳል። ፈሳሽ ያለበት ከመነዳሪ ከሆነ ከማሸትህ በፊት ሙልጭ አድርገህ ጥረገው።

ከዚያ ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ ዳብሰው፣ በጣት አይሁን። ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ የእሾሁ ጫፍ አለ። ከውጭ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው፣ በዓይን ብቻ ብትፈልገው አታገኘውም። በፒንሳ ከውጭ ጎትተው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ከገፋኸው ይሰበርና ግማሹ ይቀራል፣ ነገም እዚያው ቦታ ይበሳል። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ከአሮጌ ጎማ ጎን 4 በ6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ቆርጠህ ያዝ፣ ከውስጥ በኩል በከመነዳሪውና በጎማው መሃል ይገባል።

ሊቦ_ከምከም | ጥቅምት 15

ስለ መንገዱ ሰውና ከብት ሁለት ነገር። አህያ ከኋላ በዝምታ የሚመጣ ሳይክል ይደነግጣል፤ ጭነቱን ይጥላል ወይም ወደ እናንተ ይዞራል። ሃያ ሜትር ሲቀር ድምፅ አሰሙና ባለቤቱ በሚያሳያችሁ ጎን እለፉ። የእረኛ ውሻ ሲመጣ መሮጥ የለም። ውረዱ፣ ሳይክሉን በመሃል አድርጉ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ ከዚያ እየተራመዳችሁ ራቁ። ለቀብር የሚሄድ ሕዝብ ካጋጠማችሁ ወርዳችሁ ዳር ቆማችሁ አሳልፉ።

ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማውም በጠዋቱም መናኸሪያ ሄዳችሁ የዚያን መስመር ሾፌሮች ስለ ጸጥታው ጠይቁ። የመስመሩ ሚኒባስ ካልወጣ እናንተም አትውጡ። ለብቻ መንዳትም ይቅር፣ ሁለት ሦስት ሁኑ፣ የምትደርሱበትን ቀበሌ ስምና የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ውስጥ ለቀረ ሰው ተናገሩ።

ማራኪ_ሰፈር | ጥቅምት 16

እህቴ፣ ምክርሽን ተቀብያለሁ። ባለ 26ቱ ተወስኗል፣ መጀመሪያም ወደ ወገራ። አንድ የቀረኝ፣ ያገለገለ ስለሆነ ሰንሰለቱ መቀየር እንዳለበት በምን ይታወቃል?

ደጋ_ወጪ | ጥቅምት 16

በማስመሪያ። ሰንሰለቱ ሳይክሉ ላይ እንዳለ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምረህ 24 ቁርጥ ቁጠርና ርዝመቱን ለካ። አዲስ ከሆነ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.63 ከደረሰ ቀይረው። 30.8 ካለፈ የኋላውን ጥርስም በልቶታል፣ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብታስገባ ዳገት ላይ ሲጫንበት ይዘላል፤ ስለዚህ ከ14-34ቱ ፍሪዊል ጋር አብረህ ቀይረው።

ያለውንም ሆነ አዲሱን የሞተር ዘይት አትቀባው። የወገራን አቧራ ጠርቶ ብርጭቆ ወረቀት ያደርገዋል። በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ጥረግ፣ አድርቅ፣ ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ አድርግ፣ አሥር ደቂቃ ቆይተህ ከላይ ያለውን ጥረገው። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ በየ60 ኪሎ ሜትሩ ድገመው።